ሦስት ኩባያ ውሃ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ከሚያምኑት ወገን አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። የምሠራው ትራንዚት ቢሮ ነው፣ ከጂቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ ለሚጫን ዕቃ ሰነድ አዘጋጃለሁ፣ አንዲት ቁጥር ብትዛነፍ አንድ ተሳቢ ከነሾፌሩ ድንበር ላይ ስንት ቀን ፀሐይ እንደሚመታው ስለማውቅ የጻፍኩትን ሁለቴ ሳላነብ ከእጄ አላወጣም። ሰፈርተኞቼ ስለ ዛርና ስለ ቀትር ጋኔን ማውራት ሲጀምሩ መጽሐፌን አንሥቼ ጥግ የምይዝ ሰው ነኝ፣ "ደግሞ ይቺ ፕሮፌሰር ተነሣች" ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ይህን የምጽፍላችሁም እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ የሰማሁትን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው እስካሁን ስላላወቅሁ ነው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ሰው እንዲህ ያለውን ሲያወራ ሁልጊዜ ሌሊት ነው የሚለው፣ የኔ ግን ከቀኑ በሰባት ሰዓት ነው፣ ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቶ ከተከፋፈለ በኋላ፣ ጂቡቲ ሱቋን ዘግታ ስትጋደም፣ ፍየሎቹ እንኳ ከቆመ መኪና ሥር ገብተው ሲያለከልኩ። እኛ ሰፈር፣ አምቡሊ፣ በዚያ ሰዓት የሚሰማ ነገር ቢኖር የአውሮፕላን ድምፅና በሙቀት የሚንጣጣ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ያዙልኝ፣ እኔም መጀመሪያ ያመካኘሁት በእሱ ነው።

አያቴን እማማ ተዋበች እላት ነበር። እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቷ፣ አባቴ ደግሞ ገና ጥርሴን ሳልነቅል ስለሞቱ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወጣት ሳለች ከድሬዳዋ ጂቡቲ በባቡር እየተመላለሰች ትነግድ ነበር፣ ፈታሾች ሻንጣ እንጂ ሴት አይከፍቱም ብላ ስትመለስ ሰባት ቀሚስ ደራርባ ለብሳ፣ በዚያ ሙቀት እንደ ተጠቀለለ ፍራሽ ሆና፣ ላቧ በአፍንጫዋ እየተንጠባጠበ፣ "ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አትንኩኝ" እያለች። አንድ ቀን ግን በአንድ የባቡር ሠራተኛ ምክንያት የመልሱን ባቡር ተወችውና እዚሁ ቀረች። ይህን ስትተርክልን ትነሣና ሰባቱን ቀሚስ አንድ በአንድ የምታወልቅ መስላ ታሳየናለች፣ ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው።

እኔን ስትወደኝ ልክ አልነበራትም። ዓሣ ሲቀርብ እሾሁን ለቅማ በእጇ ታጎርሰኝ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ እንኳ። ልጇን፣ አክስቴን ዘነበችን ግን "ቦቴ" ነበር የምትላት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ የምታመላልሰው እሷ ስለሆነች። "ቦቴ፣ እግርሽ ቀድሞ ገባ፣ አንቺ የት ቀረሽ?" ትላታለች ስትመጣ። እንግዳ ካለ ደግሞ፣ "ይቺ የኔ አይደለችም፣ ሐኪም ቤት ተለውጣብኝ ነው፣ ፊቷን እዩት እስቲ!" ትላለች፣ እንግዳው ይስቃል፣ እትዬ ዘነቡም ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። እመኑኝ፣ እስክትሞት ድረስ ይህ ጨዋታ እንጂ ሌላ ነገር መስሎኝ አያውቅም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በማታ ትምህርት። ከትምህርት ስመለስ እማማ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ታስነብበኛለች፣ ዳዊቱን፣ የመድኃኒት ወረቀቱን፣ ጎረቤት የመጣለትን ደብዳቤ፣ ያገኘችውን ሁሉ። እሷ ፊደል አትለይም፣ ግን ስዘልል ወይም ስቀባጥር እንዴት እንደምታውቅ እንጃ፣ በቀኝ እጇ የነበረውን ወፍራም የብር ቀለበት ከአልጋው ብረት ጋር ታጋጨዋለች፦ ቀጭ። "ተመለሽ" አትልም፣ ቀጭ ብቻ። ተመልሼ ሳነበውና ሳስተካክለው ዝም። ዝም ካለች ልክ ነው ማለት ነው። አሁን ቢሮ ውስጥ ስሕተት የማያልፋት የምባለው በዚያ ቀለበት ተቀጥቅጬ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ የኛ ክረምት የጂቡቲ እሳት ነው፣ እግሮቿ አበጡ። ሐኪሙ ልቧ ውሃ መግፋት አቅቶታል አለ፣ በቀን ከሦስት ኩባያ በላይ እንዳትጠጣ አለ። እኔ ለሦስት ሳምንት ጋላፊ ድንበር ለሥራ ልላክ ስለነበር ለእትዬ ዘነቡ ወረቀት ሠራሁላት። እሷም ማንበብ ስለማትችል ሦስት ኩባያ ሳልኩ፣ ከአንደኛው በላይ ብቅ የምትል ፀሐይ፣ ከሁለተኛው በላይ አናት ላይ የቆመች ፀሐይ፣ ከሦስተኛው በላይ ጨረቃ። በሰጠቻት ቁጥር ከሥሩ በከሰል እንድታሰምር መስመር ተውኩላት። በማስመሪያ ነው የሠራሁት፣ አልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ ስለጥፈው እማማ በኩራት ታየኝ ነበር። "አየሽ ቦቴ፣ ልጅ ማለት ይሄ ነው" አለቻት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተደወለልኝ። በዚህ አገር ሙቀት አስከሬን አይቆይም፣ የጫነኝ ሾፌር ያለ ዕረፍት ነድቶ ሲያደርሰኝ ተቀብራ ነበር። ቀለበቷ ጣቷ አብጦ አልወጣ ስላለ አብሯት ተቀበረ። ይህንንም ያዙልኝ።

ሐዘን ቤት ተቀምጠን ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የገባኝ፣ ሴቶቹ ውሃ ከእትዬ ዘነቡ እጅ አይቀበሉም። ጆግ ይዛ ስትዞር አንዷ "ጠጥቻለሁ" ትላለች፣ ሌላዋ መሐረቧን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ እኔ ተነሥቼ ስቀዳ ግን ሁሉም ይጠጣሉ። የእማማን ገላ ካጠቡት ሴቶች አንዷን ወደ ጓሮ ጠርቼ ጠየቅኋት።

"ምን ልበልሽ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሷ እንደ ቆዳ ደርቆ..." አለችና ወደ ቤት ገልመጥ አደረገች። "በካምሲን! ያ አሸዋ የሚነዛው ንፋስ ሳምንት ሙሉ ሲነፍስ፣ መብራት በጠፋበት! ስድቧን ስትበቀል ነው እንጂ ሰው እናቱን ውሃ ያስጠማል?"

"ሐኪም እኮ ነው..." ብዬ ጀመርኩ፣ አልጨረስኩትም።

"አንቺማ የዋህ ነሽ" አለችኝ፣ ክንዴን ዳበስ አድርጋ።

እትዬ ዘነቡ ሁሉን ታውቃለች። ሰው የተበተነ ዕለት ማታ እግሬ ሥር ተቀመጠችና፣ "ሮማን፣ አርባዋ ዕለት የሕይወት ታሪኳን የምታነቢው አንቺ ነሽ አይደል?" አለች። ቀብር ላይ መነበብ የነበረበት እኔ ስላልደረስኩ ለአርባ ተላልፎ ነበር፣ በማኅበራችን የሟች ታሪክ ስጽፍ የቆየሁት እኔ ነኝ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"አንዲት መስመር ብቻ አስገቢልኝ። ዘነበች ውሃውን የሰጠችው ሮማን በሠራችው ወረቀት ነው፣ አንድም ቀን አላጎደለችም በዪ። እኔ ብናገር አያምኑኝም፣ አንቺ ካነበብሽው ግን ይታመናል። አለዚያ እዚህ ሰፈር መኖር አልችልም።"

"እሺ" አልኳት። እንዲህ ያለው ነገር በእሺ አይደል የሚጀመር።

የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ታደሰ ደግሞ በበኩላቸው ደወሉልኝ። "የተለመደውን ጻፊ የኔ ልጅ፣ ደግ ነበሩ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፣ ከገጽ ተኩል እንዳይበልጥ፣ አዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ የለውም፣ ሌላ ሬሳ እንዳታስከትዪብን።"

አርባው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በዕረፍት ቀኔ፣ እማማ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አልጋው ፍራሹ ተነሥቶ ብረቱ ብቻ ቀርቷል፣ ወረቀቴ ከነከሰሉ ግድግዳው ላይ አለ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፣ መብራት የለም፣ ንፋስም የለም። እኔ ጽሑፍ የማርመው ጮክ ብዬ በማንበብ ነው፣ ጆሮ ዓይን የሚያልፈውን ይይዛል።

"ወይዘሮ ተዋበች ከአባታቸው ከአቶ ገብሬ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ" አልኩ። "ዕድሜያቸው ለጋብቻ በደረሰ ጊዜ በሕግ ትዳር መሥርተው..."

ቀጭ።

ቆርቆሮው ነው አልኩ። እውነቴን ነው፣ ቀና ብዬ ጣሪያውን እንኳ አላየሁም፣ በቃ ቆርቆሮ። "በሕግ ትዳር መሥርተው" ብዬ ደገምኩ፣ ቀጭ አለ፣ ይህን ጊዜ ድምፁ ከላይ ሳይሆን ከጉልበቴ ትይዩ፣ ከአልጋው ራስጌ መጣ። የባቡር ሠራተኛው ድሬዳዋ ሚስት እንደነበረው ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቃል። ለማሾፍ ያህል፣ በራሴ ለማሾፍ ማለቴ ነው፣ "አብረው ኖረው" ብዬ ቀይሬ አነበብኩ። ዝም።

ተነሣሁና አልጋውን ነቀነቅሁት፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ፣ ብረቱ እጅ ያቃጥላል፣ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይጮኻል፣ ይህን በማታ ትምህርት ተምሬዋለሁ። ከቦርሳዬ የቢሮ ሰነድ አውጥቼ፣ የአርባ ጫማ ኮንቴይነር ዝርዝር ነበር፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ምንም። ሆን ብዬ ክብደቱን በሐሰት አነበብኩ። ምንም። ሰዓቴን ይዤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ አንድ አውሮፕላን ቤቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ፣ አልጋው ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

"ሁለት ልጆችን አፍርተው..."

ቀጭ።

እዚህ ላይ ነው ላብ የጀመረኝ፣ ማለቴ የሙቀቱ ላብ ሳይሆን ሌላው። አባቴና እትዬ ዘነቡ፣ ሁለት። ሦስት ብዬ አነበብኩ፣ የማላውቀው ልጅ ኖሮ እንደሆነ ብዬ። ቀጭ። "አንድ ልጅ አፍርተው" አልኩ፣ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ዝም።

"ለጎረቤትም ለቤተሰብም እኩል እናት የነበሩ" አልኩ። ቀጭ። "እኩል" የሚለውን አወጣሁት። ዝም።

እንዲህ እያልኩ፣ በእርሳስ እየሰረዝኩ፣ ልክ እንደ ማታ ትምህርቴ ዘመን፣ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ደረስኩ። ነገሩ አስፈርቶኝ ነበር፣ ግን ልንገራችሁ፣ አንድ ዓይነት ደስታም ነበረው፣ የናፈቀኝን ድምፅ እየሰማሁ ነበር። "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ" አልኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነቡ ነች፣ ነጠላዋ ወገቧ ላይ፣ ላቧ በአንገቷ እየወረደ። "አንቺም ሰማሽው" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

"ብረቱ ነው፣ እትዬ። ሲሞቅ ይለጠጣል።"

"እኔን ቦቴ በዪኝ እንጂ ደንቆሮ አትበዪኝ። ከተቀበረች ጀምሮ ይቺ ሰዓት ስትደርስ ይጮኻል፣ ማንም ሳያነብ። መጨረሻ ላይ አፏ ሲዘጋ እንዲህ ነበር የምትጠራኝ።" ወንበር እያለ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ውሃ ስትል ነው። ወረቀቱን አያለሁ፣ የቀትሯን ጠጥታለች፣ አሰምሬያለሁ። ትመታለች። 'እማዬ፣ ጨረቃዋ እስክትወጣ ታገሺ' እላታለሁ። ትመታለች። እኔም አልቅሼ ደወልኩልሽ እኮ ሮማን።"

ደውላለች። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። ጋላፊ ላይ ከሰባ በላይ መኪና ተሰልፎ፣ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ፊቴ ቆሞ፣ "ውሃ ውሃ ትላለች፣ ልጨምርላት?" ስትለኝ፣ "እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን አድርጊ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ" ብዬ ዘጋሁባት።

እና ለእናንተ ብቻ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ፣ እትዬ ዘነቡ የማታውቀው። ሐኪሙ ሦስት ኩባያ ብሎ አላበቃም። "ሙቀቱ ከከፋ ግን ጨምሩላት፣ ደውሉልኝም" ብሏል፣ ለኔ፣ በጆሮዬ። ወረቀቱ ላይ አላስገባሁትም። ረስቼ አይደለም፣ ሠንጠረዡ አምሮ ነበር፣ ሦስት ኩባያ፣ ሦስት መስመር፣ "ከከፋ" የሚባለውን ምን ብዬ እስለዋለሁ? ያበላሽብኛል ብዬ ተውኩት።

"የኔን መስመር ጽፈሽዋል?" አለች።

"ጽፌዋለሁ።"

"አንብቢባት። እሷ ትመስክርልኝ።"

"እትዬ፣ ይሄ ደግሞ..."

"አንብቢ አልኩ እኮ! ማንበብ አይደል የተማርሽው? አንቺ ማታ ማታ ደብተርሽን ይዘሽ ስትሄጂ ሳህኑን ማን ነበር የሚያጥበው? እሷን ማን ነበር የሚያገላብጣት?"

አነበብኩ። "ልጃቸው ወይዘሮ ዘነበች ውሃ የሰጧቸው የልጅ ልጃቸው በሠራችው ወረቀት መሠረት ነበር፣ አንድም ቀን አላጎደሉም።"

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። እንዲህ አድርጎ መትቶ አያውቅም፣ የአልጋው ራስጌ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አየሁ፣ ልጄን ይንሣኝ እንዳልል ልጅ የለኝም፣ ግን አየሁ።

እትዬ ዘነቡ ግራ እንደተጋባ ሕፃን አየችኝ። "አሳስተሽ አንብበሻል" አለች። "እንደገና።"

እንደገና አነበብኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል። ያው ነው፣ እንዲያውም ሳልጨርሰው ጀመረ።

እትዬ ዘነቡ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደችና የከሰል መስመሮቿን በጣቷ መቁጠር ጀመረች፣ ቆጥራ እንደማትጨርስ ስታውቅ ተወችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ "በይ እነሱ የሚሉትን አንብቢ" አለች።

"ምኑን?"

"ታውቂዋለሽ። ዘነበች ውሃ ከልክላ ገደለቻት የሚሉትን።"

"አልልም።"

"በዪው! እውነቱን ትንገረኝ፣ ዛሬ እንኳን!"

አልጻፍኩትም ነበር፣ ወረቀቱን ግን ፊቴ ላይ ይዤ እንደሚያነብ ሰው አልኩት። "ወይዘሮ ተዋበች የሞቱት ልጃቸው ዘነበች ውሃ ከልክላቸው ነው።"

ጠበቅን። ቆርቆሮው እንኳ አልተንጣጣም። ሩቅ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ ዝም አለ። አንዲት ድምፅ፣ አንዲት ቀጭ፣ ስለ እግዚአብሔር። አልጋው እንደ አልጋ ቆሟል።

እትዬ ዘነቡ መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለኝ፣ ስትዞር ግን እየሳቀች ነበር፣ ያንን እንግዳ ፊት የምትስቀውን ሳቅ። "ሞታም" አለች፣ "ሞታም አልወደደችኝም።" ከዚያ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። "ቢሆንም አንብቢልኝ። እሷ ትምታ፣ ሰው ግን ይስማ። እሺ?"

"እሺ" አልኳት።

አርባዋ ዕለት አዳራሹ ሞላ። እትዬ ዘነቡ ከፊት ተቀምጣ ነበር፣ ከጎኗ ሁለት ወንበር ባዶ ነው፣ ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ነበሩ። ሰባቱን ቀሚስ ሳነብ ሕዝቡ ሳቀ፣ ስለ ደግነቷ ሳነብ ሴቶች አለቀሱ። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስደርስ እትዬ ዘነቡን አየኋት፣ መስመሯን በቃሏ ይዛዋለች፣ ከንፈሯ ከኔ ቀድሞ መንቀሳቀስ ጀምሯል።

እኔ በዕድሜዬ ሙሉ አጉል እምነት ብዬ የናቅሁትን ነገር ያመንኩት ያን ጊዜ፣ ለዚያች አንድ ደቂቃ ነው። እማማ ራሷ አይደለም ብላለች፣ አልኩ በልቤ። እማማ ያላጸደቀችውን እኔ ማን ነኝ የማነብ?

"ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ" ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ነፍስ ይማር" አለ ሕዝቡ። የእትዬ ዘነቡ ከንፈር ጥቂት ብቻውን ቀጠለና ቆመ። ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "እንዲህ ነው የሚጻፈው" አሉኝ፣ ሴቶቹ እየመጡ ሳሙኝ፣ አንዷ ከእትዬ ዘነቡ ፊት ያለውን የውሃ ጆግ አንሥታ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወሰደችው።

በሳምንቱ እትዬ ዘነቡ ወደ ድሬዳዋ ሄደች። ስትወጣ አልተጣላችኝም፣ ምነው በተጣላችኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ቀስ ብላ፣ ጠርዙ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀች አነሣችውና አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

"ምን ያደርግልሻል፣ እትዬ?" አልኳት።

"ይሄ ማንበብ አያስፈልገውም" አለችኝ። "ያየው ሁሉ ያውቀዋል።"

አሁን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። በዕረፍት ቀኔ ሰባት ሰዓት ሲሆን እማማ ክፍል እገባለሁ፣ አትሳቁብኝ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። መጀመሪያ የእትዬ ዘነቡን መስመር፣ ያኔ አልጋውን ያንቀጠቀጠውን። ዝም። "ሁለት ልጆች" እላለሁ፣ ዝም። "በሕግ ትዳር" እላለሁ፣ የታወቀ ውሸት፣ ዝም። ከዚያ ያንን ለማንም ያልነገርኩትን እላለሁ፣ "ሐኪሙ ሙቀቱ ከከፋ ጨምሩላት ብሎ ነበር፣ ሮማን አልጻፈችውም፣ እማማ የሞተችው በሮማን ምክንያት ነው።" እና እጠብቃለሁ። አንዴ ብትመታው፣ አንዴ "ተመለሽ" ብትለኝ ብዬ። እኔ በዚያ ቀለበት ማንበብ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ዝም ማለቷ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ወይም ደግሞ ምንም አይደለም። ከጥቅምት ወዲህ ስለበረደ ነው፣ ብረት ሲቀዘቅዝ አይለጠጥም፣ አይጮኽም፣ በቃ፣ የማታ ትምህርት ፊዚክስ ነው። ይህን ለራሴ እነግረዋለሁ፣ እንደገናም አሰላዋለሁ፣ ልክ ነው። ብረት ብቻ ከነበረ ሲሞቅ ለማንኛውም ቃል ይጮኻል፣ ለውሸቱም ለእውነቱም። እሷ ከሆነች ደግሞ...

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ሰፈርተኛው በማለዳ ጃኬት ለብሶ ነበር የሚወጣው። ትናንት ግን ከቢሮ ስመለስ የበሩ እጀታ ፈጀኝ፣ ጣሪያውም ገና በአራት ሰዓት መንጣጣት ጀምሮ ነበር አለችኝ ጎረቤቴ። ሙቀቱ ተመልሷል፣ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ በብረቱ ቅዝቃዜ ማመካኘት አልችልም።